ግድግዳ የሌለው መስኮት

ቤታችን ሂርማታ ነው፣ ከገበያው ጀርባ፤
ቆርቆሮው ይጮሃል ሐምሌ እንደገባ።
አባቴ በአንዱ ጥግ ዋንዛውን ሲልገው፣
እኔ ላፕቶፔን እንዲህ ሳደርገው፣ እንዲያ ሳደርገው፣
«ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል ከሥራው።
«መስኮት ላስተካክል» አልኩት።
መላጊያው ቆመ። ሳቀ።
«ግድግዳው የታለ?»

ግድግዳ የለውም። እንዲህ ነው ነገሩ፦
ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፣ ዕድሜ ለጠገበ ማሽን የማይከብደውን፤
መስኮቶቹ ግን እርስ በርስ አልተስማሙም፣
አንዱን ስጎትተው በሌላው ላይ
ዱካውን ጥሎ ያልፋል፣ እንደ ጭቃ ጫማ በምንጣፍ ላይ።
ቪዲዮ ስከፍት ደግሞ ምስሉ አግድም ይሰነጠቃል፤
የሰውየው አንገት እዚህ ቀርቶ፣ ራሱ ፈቀቅ ብሎ ይስቃል።

መድኃኒቱ ኮምፖዚተር ነው አሉ፤
ስሙ ይከብዳል እንጂ ቀላል ነው ግብሩ፦
መስኮት ሁሉ አደባባይ ወጥቶ መሳሉን ትቶ፣
በጓዳ፣ በጨለማ፣ በየሸራው ራሱን ሠርቶ
ያስረክበዋል፤ እሱም ደርቦ፣ አገጣጥሞ፣
ያወጣዋል ባንድ ጊዜ፣ ሙሉውን፣ ፈጽሞ።

«እኛም እንዲያው ነን» አለ አባቴ፣
ሰጋቱራውን ከጉልበቱ እያራገፈ፤
«መሬት ላይ ያልገጠመ ክፈፍ ሲሰቅሉት አይገጥምም።»

ፋይሉን ከፈትኩ። ጥላ ይኑር፤ ቀስ ብሎ መደብዘዝ ይኑር፤
ምስሉም የገጹን ትርታ ጠብቆ ይቀየር።
አስቀመጥኩ። ወጥቼ ገባሁ።
ጥቁር።
ነጭዋ ቀስት ብቻ፣ በሩ የጠፋባት ቁልፍ ይመስል።
«መብራት ጠፋ እንዴ?»
«አልጠፋም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሦስት ቁልፍ ባንዴ ተጭኜ ወረድኩ ወደ ምድር ቤቱ፣
መስኮት ወደሌለበት፣ ፊደል ብቻ ወደሚበራበት ወደ ጥንቱ።
አርባ አንደኛው መስመር ጫፍ ላይ አንዲት ድርብ ሰረዝ ጎደለች፤
ለካ እሷ ናት፣ ባለመኖሯ ቤቱን የዘጋች።
ስመልሳት በራ።

ያኔ ነው እውነተኛው መብራት የሄደው።
ሰፈሩ ባንድ አፍ «ኧረ!» አለ፤
የጎረቤት መጋዝ መሃል እንጨት ላይ ጸጥ አለ።
እኔ ባትሪ አለኝ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል።
አባቴ በርጩማውን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጥላው ወደ ቀኝ ወድቋል። ፀሐይሽ በየት ናት?»
«ፀሐይ የለም፤ ቁጥር ነው፦ ሰባት ወደ ቀኝ፣ ሰባት ወደ ታች።»
«ጥላ ካለማ ፀሐይ አለች።
የኛ ቤት ጠዋት በጅረን በኩል ነው፣ በቀኝ የሚመጣው።»
ከፊተኛው ሰባት በፊት የመቀነስ ምልክት ጻፍኩ።
ጥላው ዞረ። ራሱን ነቀነቀ።

የምጽፍበትን ጥቁር መስኮት አሳሳሁት፣ ወደ ኋላ እንዲያሳይ፤
ወዲያው ከበስተጀርባው፣ ሰው በስስ መጋረጃ እንደሚታይ፣
ትናንት የተየብኩት ደረሰኝ ብቅ አለ፦ አባ ፊጣ ነስሩ፣
ስድስት መስኮት፣ ሁለት በር፤ ግማሹ ገና ያልተከፈለ።
ዝም ብሎ አየው።
«በላዩ ቢጽፉበትም ዕዳ ይታያል ለካ» አለ።

ጥጎቹን ላክብብ ብዬ አሥራ ሁለት ስጽፍ፣
«ተዪ» አለኝ፣ እጄን ያዝ አድርጎ።
«ክብ ጥግ ውሃ ያስገባል።»
እዚህ ውስጥ ደግሞ የምን ዝናብ?
ልለው ነበር። አውራ ጣቱን አየሁት፣
መዶሻ ያሳጠረውን፣ ጥፍር አልባውን።
ዜሮ ጻፍኩ።

ባትሪው ሰባት በመቶ ሲል ያንን ቪዲዮ ከፈትኩ፣
በወንድሜ በከሊፋ ኒካህ ዕለት የቀረጽኩትን።
ያ አንገቱ እዚህ፣ ራሱ እዚያ የነበረው ሰውዬ እሱው ነው፤
አሁን ሲዞር አብሮት ይዞራል፣ ኮፍያውም ሳቁም አንድ ነው።

ራሱን አላየም። ጎንበስ ብሎ
ጣቱን በገጹ ላይ አግድም አሳለፈ፣ ስንጥቁን ፍለጋ።
«ገጥሟል» አለ፣
ለበር በሚለው ድምፅ።

ከዚያ ሁሉም ጨለመ። መላጊያውን ሲፈልግ ሰማሁት፣
ሰጋቱራውን በእግሩ እየገፋ።